ማን ማንን ጠየቅህ?

የመጀመሪያው ማመልከቻ በግንቦት ሄደ። የላከው ይርጋ ራሱ አይደለም። የትምህርት ውጤቱና የእጅ አንጓው መሣሪያ የያዘው የጤና መዝገብ አንድ ላይ ተጠርዞ ለአምስት ሕክምና ኮሌጆች ሲላክ እሱ ሻይ እያፈላ ነበር። ከግድግዳው የሚናገረው አጋዥ ማሽኑ «ተልኳል» አለው፤ እሱም «እሺ» አለ። በ2091 ዓ.ም. ሐኪም ለመሆን ማመልከት ይኼን ያህል ቀላል ነበር። የሚከብደው ሁለተኛው ቅጽ ነው። ኮሌጁ የመጀመሪያውን አይቶ ከወደደው ብቻ ይልከዋል፤ መቼ እንደሚልከውም አይናገርም። ይመጣል ወይም አይመጣም።

ይርጋ ሐምሌን ሙሉ ጠበቀ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል። ከስምንተኛ ፎቅ መስኮቱ የደብረ ብርሃንን ጉም ያያል፤ ከጉሙ በላይ የሌሎቹ ሕንፃዎች አናት ብቻ ይታያል። ከዚያ ሥራው ላይ ይቀመጣል። ሥራው ማሽኖች ለታማሚዎች የሚልኩትን ምክር አማርኛ ማረም ነው። «መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ በእርስዎ የሚወሰድ ይሆናል» የሚለውን «መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ይውሰዱ» ያደርገዋል። በቀን አራት መቶ ዓረፍተ ነገር ያርማል፤ ታማሚዎቹን አያውቃቸውም፣ እነሱም አያውቁትም። ምሳው በኮሪደሩ በኩል በግድግዳው ሣጥን ውስጥ ይመጣል። ሣጥኑን ሲከፍት ያመጣው ሄዷል።

እሑድ እሑድ ጅማ ስላለው አባቱ ይሰማል።

«አባትህ ደህና ናቸው» ይለዋል አጋዡ። «ዝናብ ጥሏል። ጉልበታቸው ትንሽ ተሽሏቸዋል። ስለ አንተ ጠይቀዋል።»

«ምን ብለህ መለስክ?»

«ደህና ነው፣ እየጠበቀ ነው አልኩ።»

በቃ፤ እሑድ አለቀ። የእሱ አጋዥ ከአባቱ አጋዥ ጋር ተነጋግሮ ያመጣው ወሬ ነው። ሁለቱ አጋዦች በደንብ ይግባባሉ።

በኮሪደሩ ላይ ሃያ ሁለት በሮች አሉ። ሰው ሲታመም በሩ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ሕክምናው እቤቱ ይመጣለታል፣ ሲድን መብራቱ ይጠፋል። ባይድንም ይጠፋል። ከመብራቱ ሥር ትንሽ ማስታወቂያ አለች። ማንም አያነብባትም፤ ቢጫ በር አይነካም፣ አይንኳኳም፣ ይኼን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይርጋ የ8/14 በር ቢጫ መሆኑን አየ። ይርጋ ቆሻሻ ሊጥል ሲያልፍ ወደ ማዶው ግድግዳ ጠጋ ብሎ ያልፋል።

እምቢታዎቹ ከሐምሌ ሃያ ጀምሮ መጡ። አጋዡ እንዲህ ያለውን ወሬ የሚናገረው ሁልጊዜ ከቁርስ በኋላ ነው፤ ለሰው ክፉ ነገር በባዶ ሆዱ አይነገርም ተብሎ ተሠርቷል። ስለዚህ ይርጋ ቁርሱን በልቶ ሲጨርስ ጆሮውን ማቆም ልማድ ሆነበት። የመጀመሪያው ኮሌጅ ሁለተኛውን ቅጽ እንደማይልክለት አስታወቀ። ሦስተኛውና አራተኛው በአንድ ቀን አስታወቁ። ሁለተኛው ምንም አላለም፤ አጋዡ ግን «ዝምታውን እንደ መልስ እንድትወስደው ይመከራል» አለው።

የቀረው ዋርካ ሕክምና ኮሌጅ ብቻ ነበር። በዓመት ሠላሳ ሰው ይቀበላል ይባላል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነሐሴ አሥራ አንድ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ይርጋ መጀመሪያ ሣጥኑ ተበላሸ ብሎ አሰበ። ድምፁ ተደገመ። ሰው በር እያንኳኳ ነበር።

ከፈተ። ሃምሳውን ያለፈች፣ ደረጃው ትንፋሽ ያሳጠራት ሴት ቆማለች። ደረቷ ላይ «ፖስታ፣ ሄራን» ይላል።

«ሞተህ መስሎኝ!» አለችው። «ስንት ጊዜ ነው የማንኳኳው?»

«ይቅርታ። አላወቅኩም ነበር።»

«ምኑን? በር መሆኑን?» ፖስታ ሰጠችው፤ ወፍራም ወረቀት ነው። «ፈርም።»

«በምን?»

«በእጅህ ነዋ፣ በምን ልትፈርም ነው?» ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ አቀበለችው። ሲይዘው አየችና ራሷን ነቀነቀች። «እንደ ማንኪያ ያዝከው እኮ! ሐኪም ልትሆን ነው አሉ?»

«ካለፍኩ።»

«እንግዲህ ስማ። የዋርካ ወረቀት በእጅ ነው የሚሞላው። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ወረቀቱንም፣ እስክሪብቶዬንም። ሐሙስ ካላስረከብክ ለከርሞ ነው።» ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለች። «እስክሪብቶውን አደራ።»

ቅጹ አንድ ገጽ ነበር። ከላይ እንዲህ ይላል፦ በራስህ እጅ ጻፍ። አጋዥ አታማክር። ስርዝ ድልዝ ይፈቀዳል። ይርጋ ለረጅም ጊዜ ያየው አንዱን ነገር ነው፤ ቅጹ «አንተ» ነበር የሚለው። በሕይወቱ «አንተ» ያለው ወረቀት አልነበረም። አጎቱ ከሩቅ የጻፈለት ይመስል ነበር።

አጋዡን ዝም እንዲል አዘዘው። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ጥያቄዎቹ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ስሙን ነው። ሁለተኛው «ሐኪም መሆን ለምን ፈለግህ?» ይላል፤ እሱን ለመጨረሻ አቆየው። ሦስተኛው «እጅህ ምን ይችላል?» ይላል። ይርጋ እጁን አይቶ አሰበና «ሻይ ማፍላት፤ ቁልፍ መትከል (አንድ ጊዜ)፤ መጻፍ፣ ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ ጻፈ። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ ይዞ አያውቅም። ፊደሎቹ እንደ ሰከረ ሰው ተደጋግፈው ቆሙ። የትኛው «ሀ» የትኛው ቃል ላይ እንደሚገባ ሁልጊዜ አጋዡ ነበር የሚመርጥለት፤ አሁን ሦስቱ ፊት ለፊቱ ተደርድረው የትኛውን እንደሚያነሣ ጨነቀው።

አራተኛው ጥያቄ አጭር ነው። «ባለፈው አንድ ዓመት ማን ማንን ጠየቅህ?»

ይርጋ ጥያቄውን ወደደው። ሐኪም ጠያቂ መሆን አለበት ማለታቸው ነው። ማክሰኞን ሙሉ ሲያስታውስ ዋለ፤ ምንም እንዳያጋንን፣ ምንም እንዳይደብቅ ተጠነቀቀ። በመጨረሻም እንዲህ ጻፈ፦ «መምህር ቃልአብን ሁለት ጊዜ፣ ስለ ጉበት። የዩኒቨርሲቲውን ሬጅስትራር አራት ጊዜ። አባቴን በየሳምንቱ፣ በአጋዥ በኩል። አጋዤን በቀን ስልሳ ጊዜ ያህል። የማይጠይቅ ሐኪም አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበባት። ደስ አለችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ተመለሰ።

መልሱን ያውቀዋል። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። አባቱ ያኔ ሞያሌ ሥራ ላይ ነበር፤ እሱና እናቱ ጅማ። እናቱ ስትታመም በሕንፃቸው ሁለተኛ ፎቅ ወዳለው የሕክምና ክፍል አወረዷት፣ በሩ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ይርጋ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ በሩ ድረስ ይወርዳል፤ ትንሽ ይቆማል፤ ይመለሳል። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አደረገ። አንድ ቀን ሐኪም ሲገባ አየ፤ ነጭ ያልለበሰ፣ አጭር፣ ተራ ሰው። በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ የእናቱን እግር ከብርድ ልብሱ ሥር አየ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከቁርስ በኋላ፣ አጋዡ ነገረው። ቀጥሎ የሒሳብ ፈተና እንዳለው አስታወሰው።

ለዚህ ነው ሐኪም መሆን የፈለገው። በሽታውን ማሽን ያውቀዋል፤ መድኃኒቱንም ማሽን ያዝዛል። ሐኪም ግን መግባት ይችላል።

«እናቴ ስትታመም መግባት የሚችለው ሐኪም ብቻ ነበር» ብሎ ጻፈ። «እኔ በሩ ላይ» ሲል የእስክሪብቶው ቀለም ነጣ። አራገፈው። በእስትንፋሱ አሞቀው። የመጨረሻዋ ፊደል ወረቀቱ ላይ የተጫረ ነጭ መስመር ብቻ ሆነች።

አጋዡን ቀሰቀሰው። «እስክሪብቶ ከየት አገኛለሁ?»

«ደብረ ብርሃን የሚሸጥ የለም። ከአዲስ አበባ ዓርብ ይደርሳል።»

«ሐሙስ ነው የምፈልገው። እዚህ ሕንፃ ላይ ሊኖረው የሚችል ሰውስ?»

«ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ አንድ ነዋሪ አሉ። 8/14። ቢጫ ናቸው።»

ይርጋ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። አሥራ አንድ ቀን የቆመበት በር ትዝ አለው፤ እግሩም አቋቋሙን ያወቀው መሰለ። ግን ነገ ሐሙስ ነው። አንኳኳ።

«ማነው?» አለ የሴት ድምፅ።

«ጎረቤትዎ ነኝ። ከ8/9።»

«ምን ፈለግህ?»

«ልጠይቅዎት ነበር…» አለ። እስክሪብቶ ሊል ነበር። ግን ከውስጥ አንድ ነገር ወደቀ፣ ነጠላ ጫማ ወለሉን እየጠረገ መጣ፣ መቀርቀሪያው ተንኳኳና በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

«ልትጠይቀኝ!» አለች። ቀጭን አሮጊት ናት፤ የነተበ የኳስ ማልያ ላይ ጋቢ ደርባለች፣ ጥፍሮቿ ቀይ ናቸው። «ልትጠይቀኝ መጣህ! ግባ፣ ግባ የኔ ጌታ። ማን ልበል?»

«ይርጋ እባላለሁ።»

«ይርጋ! የአያቴ ስም ነው። ዘንድሮ ልጆቹ ሁሉ አያቶቼን ሆኑ። እኔ ሶልያና ነኝ፤ ሳቅ፣ አይዞህ፣ የአሮጊት ስም ነው።»

ከግድግዳው የእሷ አጋዥ ተናገረ። «የእንግዳ ድምፅ ተሰምቷል። ለእረፍትዎ ሲባል…»

«ዝም በል አቦ!» አለችው፣ ወደ ግድግዳው ሳትዞር። አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ወንበር አሳየችው። ከዚያ እጆቹን አየች። «ባዶ እጅህን?»

«ምን ላምጣ?»

«እንዴ! ሰው ሲጠየቅ ብርቱካን የለ፣ ሙዝ የለ? እኛ እንኳ፣ ስልክ ላይ ተጥደን ያደግነው፣ ሰው ታመመ ሲባል ብርቱካን አንጠልጥለን ነበር የምንሄደው። አሥር ሆነን አልጋው ላይ እንቀመጣለን፤ ታማሚው ጥጉን ይይዛል። ነርሷ ስታባርረን በአንዱ በር ወጥተን በሌላው እንገባለን።» ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሲያልፍላት ትክ ብላ አየችው። «ምነው? እግዜር ይማርዎት አይባልም?»

«እግዜር ይማርዎት» አለ ይርጋ። ቃሉን ጽሑፍ ላይ አይቶት ያውቃል። ከአፉ ሲወጣ ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው።

«አሜን።»

ያኔ ገባው። ማን ማንን ጠየቅህ። መምህር ቃልአብን ሁለት ጊዜ፣ ስለ ጉበት። ፊቱ ጋለ። በቀን አራት መቶ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚያርም ሰው ነው።

«እትዬ ሶልያና» አለ፤ «ልዋሽዎት አልፈልግም። እስክሪብቶ ልለምን ነው የመጣሁት።» ሁሉንም ነገራት፤ ቅጹን፣ ሐሙስን፣ ለአራተኛው ጥያቄ የጻፈውን ጭምር።

ይርጋ ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች መሰለው፤ ለካ እየሳቀች ነው። «ስለ ጉበት!» አለች። «እኔን ጉበት ያድርገኝ!» ዓይኗን በጋቢዋ ጠረገች። ከዚያ ሳቁ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። «እኔ ደግሞ ሞኝ። ሰባት ሳምንት ሙሉ በር ሲንኳኳ መጀመሪያዬ ነው፤ ቸኮልኩ።»

ይርጋ ሦስት ሳምንት ነበር የሚያውቀው። ከዚያ በፊት የበራውን አራት ሳምንት አላየውም።

«ቢጫ በር ማንኳኳት የተከለከለ መስሎኝ ነው» አለ።

«ማን ከለከለ?»

«ማስታወቂያው።»

«ሂድና አንብበው እስቲ።»

ተነሥቶ በሩን ከፈተ። ከመብራቱ ሥር ያለችው ጽሑፍ ከጥፍር አትበልጥም። «ለታማሚው እረፍት ሲባል ጠያቂዎች ባይገቡ ይመከራል።»

ይመከራል። በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚያርመው ቃል ነው። ይከለከላል ከሚለው ጋር አንድ እንዳልሆነ፣ ሲደባለቁም እንዴት እንደሚለያዩ፣ ለሥራው ሲፈተን ተጠይቆ መልሷል። ጅማ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ይኼው ማስታወቂያ በዚሁ ቁመት ተለጥፎ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ፊት ለፊቱ ቆሟል። በሩ አልተቆለፈም ነበር ማለት ነው።

ምን ያህል እንደቆመ አላወቀም። «ብርዱ ገባ» የሚል ድምፅ ሲሰማ በሩን ዘግቶ ተመለሰ።

እትዬ ሶልያና ፊቱን አየች። መሳቢያዋን ከፍታ እስክሪብቶዎችን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ሞከረች። ዘጠኙ ደርቀዋል፣ አሥረኛው አረንጓዴ ጻፈ።

«እንካ። እንግዲህ ጠየቅኋት ብለህ ጻፍ፤ አልዋሸህም።»

«አልጠየቅሁዎትም እኮ።»

«ታዲያ አሁን ጠይቀኛ።»

«እንዴት ነው የሚጠየቀው?»

«እንዴት ዋሉ ትላለህ። ከዚያ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። ሌላ ጥበብ የለውም።»

«እንዴት ዋሉ፣ እትዬ ሶልያና?»

እስኪመሽ ነገረችው። ልቧ መስነፉን፣ የሐዋሳዋ ልጇ አጋዥ በየቀኑ ደህንነቷን እንደሚያጣራ፣ የምግቡ ጨው ማነሱን። ይርጋ ዝም ብሎ ተቀመጠ። መቀመጥ ይችልበታል።

ሐሙስ ጠዋት በአረንጓዴ ቀለም የአራተኛውን ጥያቄ መልስ ሰረዘ፤ ከሥሩ እንዲነበብ አድርጎ በአንድ መስመር ብቻ። ቀጥሎ «ማንንም» ብሎ ጻፈ። ብዕሩን አንሥቶ ቆየ። ትናንት ማታ እትዬ ሶልያና ዘንድ መቀመጡን ሊጨምር ቃጣው፤ ግን የሄደው ለእስክሪብቶ ነው፤ ለራስ ማድላት ይሆናል። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ወጣና የተቋረጠውን ጨረሰ፦ «እኔ በሩ ላይ ቆሜ እመለስ ነበር። የተከለከለ መስሎኝ ነው። አልተከለከለም። እናቴን አልጠየቅኋትም።»

ሄራን ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። የደረቀውን እስክሪብቶ ሲመልስላት አገላበጠችው። «ጨረስከው?»

«አለቀብኝ።»

«እንዲያልቅ ነው የተሠራው» አለችና ወረቀቱን ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የሚያልፍ ይመስልሻል ወይ ሊላት ፈለገ። ደረጃውን መውረድ ጀምራ ነበር።

እንደገና መጠበቅ መጣ። ይኼኛው ግን ከሰዓት በኋላው ላይ ሌላ ሥራ ነበረው። በየቀኑ በአሥር ሰዓት ብርቱካን ይዞ 8/14 ያንኳኳል። ጳጉሜ አለፈ፣ መስከረም አለፈ። እትዬ ሶልያና ብርቱካኑን አትበላም፤ አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ ትደረድረዋለች። «ጠያቂ እንዳለኝ ከማዶው ሕንፃ ይዩ» ትላለች።

ጥቅምት ሃያ ስድስት ጠዋት ቆሻሻ ሊጥል ሲወጣ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። አጋዡ ቁርሱን በልቶ እስኪጨርስ ጠብቆ ነገረው። ይርጋ «አውቄያለሁ» አለ። በሕይወቱ ክፉ ወሬ ከአጋዡ ቀድሞ ሲያውቅ የመጀመሪያው ነው።

መልሱ ኅዳር ላይ መጣ፣ በእጅ የተጻፈ፣ አራት መስመር።

«ይርጋ፣ ዘንድሮ አልተቀበልንህም። የሰረዝከውንም፣ ከሰረዝክ በኋላ የጻፍከውንም አንብበናል። ለከርሞ ሁለተኛው ቅጽ ይደርስሃል። ጥያቄው አይለወጥም።»

ሁለት ጊዜ አነበበው፤ አጥፎ መሳቢያው ውስጥ፣ አረንጓዴው እስክሪብቶ አጠገብ አስቀመጠው። እሑድ ነበር። አጋዡን «ለአባቴ ራሴ እደውላለሁ» አለው። አጋዡ ይኼ እንዳልተለመደ አስታወቀ። ይርጋ ደወለ። ከጅማ ያነሣው የአባቱ አጋዥ ነበር። «አባትህ ተኝተዋል፤ ስትደውል ደስ እንዳላቸው እነግራቸዋለሁ» አለው። ይርጋ ማታ ደግሞ እንደሚደውል ተናግሮ ዘጋ።

ከዚያ ሁለት ብርቱካን ያዘና ደረጃውን ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ወጣ። 9/3 ላይ ቢጫ በርቷል። አንኳኳ። ምንም የለም። ደግሞ አንኳኳ።

«ማነው?» አለ የወጣት ድምፅ፣ የደነገጠ።

«ጎረቤት ነኝ። ከታች፣ ከ8/9።»

«ምን ፈለግህ?»

«ምንም» አለ ይርጋ። «ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«እሺ፣ ጠይቅ» አለ ድምፁ። «እዚያው በሩ ላይ ሆነህ። እየሰማሁ ነው።»

ይርጋ ግንባሩን ወደ በሩ አስጠጋ።

«እንዴት ዋልክ?» አለ።

መልስ አልመጣም። ብርቱካኖቹን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና፣ ግድግዳውን ሳይደገፍ፣ ቆሞ ጠበቀ። መጠበቅ ያውቅበታል።